የዙሁራ ጭስ ማውጫ

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ምዋጁማ እርር ድብን ትላለች። የዳሬሰላም መኪኖች የሉሾቶን ዳገት ወጥተው፣ መንገድ ዳር ለሽያጭ የደረደረችውን ጎመንና ፕሪም ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ፣ ጎረቤቷ ዙሁራ ደጅ ይደረደራሉ። ዙሁራ ምን አላት? ጀርመኖች አገሩን በገዙበት ዘመን የተሠራ፣ ትልቅ የድንጋይ ጭስ ማውጫ ያለው፣ እንግዳ የምታሳድርበት ቤት። በቃ!

ዛሬም ዙሁራ እንግዶቿን ግቢው ውስጥ ሰብስባ፣ «ጀርመኑ ይህን ቤት በገዛ እጁ ነው የሠራው» ስትል ምዋጁማ ሰማች። መኮትኮቻዋን እንደያዘች አጥሩ ጋ ደረሰች።

«በገዛ እጁ? ቀጣፊ! ድንጋዩን ከወንዝ የተሸከመው የኔ አያት ነው! እየተገረፈ! ጀርመኑማ ቁጭ ብሎ ሻዩን ይጠጣ ነበር!»

እንግዶቹ ሁሉም ስልካቸውን አውጥተው ወደ አጥሩ ተንጋጉ።

«እማማ፣ እስቲ እንደገና ይንገሩን!»

ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ነገረቻቸው። ጎመኗን ግን የገዛ የለም።

ሲመሽ ዙሁራ አንድ ዘለላ ሙዝ ይዛ መጣች። ምዋጁማ ለጠብ ወገቧን ያዘች።

«እህቴ፣ እንግዶቼ እንደዛሬ ተደስተው አያውቁም» አለች ዙሁራ። «ለሚቀጥለው ሳምንት ክፍሎቹ ሁሉ ተይዘዋል። አደራሽን፣ ቅዳሜም በዚሁ ሰዓት ተቆጪልኝ።»