ውሃው ጥርት ያለ ነበር

ቢጫ ነበር፣ አይ፣ ቢጫስ አልነበረም፣ ቢጫ ቢሆን ኖሮ ፎጣውን ለምን ታጥበዋለች፣ ባሏ ሊሳንድሮ ደጅ መኪናውን አስነስቶ ጡሩንባ ሲነፋባት እሷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆልፋ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ለምን ትፈትገዋለች፣ አሁን እዚህ ሆስፒታል ገንዳ ውስጥ እስከ ብብቷ ሞቅ ባለ ውሃ ተነክራ ስለ ፎጣ ማሰብ ምን ይፈይድላታል፣ ግን ታስባለች፣ ምጡ ፋታ በሰጣት ቁጥር ፎጣው ይመጣል። አረንጓዴ ነበር። ያልበሰለ ወይን ሲረገጥ የሚተወው ዓይነት እድፍ፣ ጫፉ ላይ ወደ ቡኒ የሚሄድ። ሌላ ሴት ብትሆን መብራቱ ነው፣ የፎጣው ቀለም ነው ልትል ትችላለች፣ ኦሪየታ ግን አትችልም፣ ኩሪኮ ከተማ አጠገብ ባለው የፍራፍሬ ማሸጊያ ውስጥ በየበጋው ፍሬ ተሸክሞ ከሚንሸራተተው ቀበቶ ዳር ቆማ ቼሪ የምትለይ ሴት ናት፣ ቀዩን ወደዚህ፣ ጠቆር ያለውን ወደዚያ፣ እንቅልፍ እያዳፋት እንኳ እጇ ቀለም አይስትም፣ ሰዎች ሲከራከሩ አለቃዋ ራሱ ኦሪን ጥሯት ይላል፣ እሷ ናት ዛሬ ቀለም ተምታታብኝ የምትለው።

ደግሞ ጠይቀዋታል። አልተጠየቅኩም እንዳትል ጠይቀዋታል። እንሽርትሽ ፈሷል? አዎ ሲስተር፣ ጠዋት። ቀለሙስ? ጥርት ያለ ነበር፣ እንደ ውሃ። እስቲ ፓድሽን አሳዪኝ። አሳየቻት፣ መኪናው ውስጥ የቀየረችውን፣ አዲሱን፣ ጠብ ጠብ ብቻ ያለበትን፣ ሲስተር ፍሬሲያም መነጽሯን ዓይኗ ላይ ሰካ አድርጋ አየችና የልጁ ጭንቅላት ወርዶ እንደ ቡሽ ወትፎታል አለች፣ ጎሽ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ገንዳው ይሞላልሽ። በቃ። እንዲህ ቀላል ነው። ሊሳንድሮ ወዲያው ለእናቱ ደወለ፣ ጥርት ያለ ነው አሉን እማዬ፣ ገንዳ ፈቀዱልን፣ ማንም አላለውም፣ ሚስቱ ናት ያለችው።

መጣ።

ከወገቧ ተነስቶ ይመጣል፣ ውሃው ህመሙን አያጠፋውም፣ የነፍሰ ጡሮች ትምህርት ላይም ያጠፋዋል አላሏትም፣ ክብደትሽን ይሸከምልሻል፣ ጡንቻሽን ያላላልሻል፣ እንደፈለግሽ ትዞሪያለሽ ነው ያሏት፣ እውነታቸውን ነው፣ ትዞራለች፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለውን የጨርቅ ገመድ ይዛ ተንበርክካ ፊቷን ገንዳው ጠርዝ ላይ ትደፋለች፣ ማንም አልያዛትም፣ ማንም አልነካትም፣ ታጉተመትማለች፣ ዝም በዪ የሚላት የለም። ለዚህ ነው። ለዚህ ነው የዋሸችው፣ እግዜር ይየው፣ ለዚህ ነው።

ሄደ።

በርቺ እናትዬ፣ ይሄኛው ጥሩ ነበር፣ ትላለች ሲስተር ፍሬሲያ፣ አጭርና ድንቡሽቡሽ ያለች አዋላጅ ናት፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ በውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቴርሞሜትር ታነባለች፣ ትንሽ ሙቅ ታስጨምራለች፣ ከዚያ ውሃ የማይገባውን ማዳመጫ ከሆዷ በታች ታስጠጋለች። ቱክቱክቱክቱክ። እንደ ማሸጊያው ሞተር ቶሎ ቶሎ። ከእያንዳንዱ ምጥ በኋላ ታዳምጣለች፣ በእያንዳንዱ ማዳመጥ ኦሪየታ ትንፋሿን ትይዛለች፣ አለ፣ ደህና ነው፣ አየሽ ደህና ነው፣ ፎጣ ምንም ማለት አይደለም፣ ስንቱ ልጅ ሆድ ውስጥ ካካ ብሎ በሰላም ተወልዷል።

ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ሲስተር፣ ፓስታ ልትቀቅሉ ነው እንዴ? ሊሳንድሮ ነው፣ ከገንዳው አጠገብ ያገኘውን ማጥለያ እያገላበጠ። ሚስትህ ስትገፋ የሚወጣውን የምትለቅምበት ነው፣ ካካ ነዋ፣ ሁሉም ሴት ያጋጥማታል፣ አንተ ነህ ለቃሚው፣ ዋና ልብስ ለብሰህ የመጣኸው ባሕር ዳርቻ መስሎህ ነው? አብሬ ልገባ ነው እንጂ። ገንዳው ለአንድ ነው የኔ ዋናተኛ፣ አንተ ማጥለያህን ያዝ። ይስቃሉ። ኦሪየታም ለመሳቅ ትሞክራለች፣ ለቃሚው እሱ ነው፣ እሷ ደግሞ ደባቂዋ።

አልጋው በሩ ማዶ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ከዚህ ሆና የአልጋውን ብረት ታያለች፣ ባታየው ይሻላት ነበር፣ ልጇ ማይቴ ስትወለድ በሌላ ከተማ በሌላ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ብረት ላይ ነው እግሮቿን ያሰሯቸው፣ በጀርባዋ አጋድመው፣ እጆቿን አንዷ በዚህ አንዷ በዚያ ይዘው፣ ሐኪሙ ክርኑን ሆዷ ላይ ተክሎ በሙሉ ክብደቱ ሲወጣባት ጎድኗ የተሰበረ መስሏት ጮኸች፣ ከባልሽ ጋር ስትተኚ አልጮኽሽም፣ አሁን ምን ያስጮኽሻል፣ አላት፣ ነርሷ ሳቀች። ሐኪሙን ረስታዋለች፣ ፊቱን ብታየው አትለየውም፣ የነርሷ ሳቅ ግን እስካሁን አለ፣ አጭር፣ በአፍንጫ የወጣ፣ የሰለቻት ሴት ሳቅ። ማይቴ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ኦሪየታ ግን እስከ ዛሬ በጀርባዋ ተኝታ አታድርም። ሊሳንድሮ አንድ ቀን ለምን በጎንሽ ብቻ አላት፣ ይመቸኛል አለችው።

ለነፍሰ ጡሮች ትምህርት የመጣችውም ገንዳ አለ ሲሉ ሰምታ ነው። ወንበር ተደርድሮ፣ ሲስተር ፍሬሲያ ፊት ቆማ፣ በውሃ ውስጥ መውለድ ለሁሉም አይደለም እመቤቶቼ፣ ልጁ በጭንቅላቱ የተዘቀዘቀ፣ እናትየዋ ትኩሳት የሌላት፣ እንሽርቱ ጥርት ያለ መሆን አለበት፣ አረንጓዴ ከሆነ ልጁ ካካ ብሏል ማለት ነው፣ ሁሌ አደጋ ነው አልልም፣ ግን ወደ ሳምባው ሊስበው ይችላል፣ ስለዚህ ገንዳ የለም፣ አልጋ ነው፣ ማሽኑ ሆዳችሁ ላይ ታስሮ ልቡን ሳናቋርጥ እናዳምጣለን። ታስሮ። ሌሎቹ ሴቶች ስለ ሳምባው ሰሙ፣ አንዷ ጠየቀችም፣ ኦሪየታ ታስሮ የሚለውን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

ንገሪያት። አሁን ንገሪያት፣ አፍሽን ክፈቺና። ምን ብላ፣ ዋሸሁሽ ሲስተር? ያቺ ሴት ፊቷ ይለወጣል፣ የኔ ቆንጆ ማለቷ ይቀራል፣ ውጪ ትላታለች፣ ብረቱ፣ እጆቹ፣ ደግሞ አሁን ለመያዝ ምክንያት አላቸው፣ ውሸታም ናት፣ ለውሸታም ማን ይራራላታል፣ ሊሳንድሮስ፣ ማጥለያውን ይዞ የቆመው ይሄ የዋህ ሰው፣ ፎጣው የታለ ብሎ ሲጠይቃት ማይቴ ጭማቂ አፈሰሰችበት ያለችው። በልጅቷም ዋሸች። በማይቴ። ቆይ፣ ልጁ ቀርቧል፣ ጭንቅላቱ ይሰማታል፣ ትንሽ ነው የቀረው፣ ትንሽ ከታገሠች ወጥቶ ያልቃል፣ ማንም ሳያውቅ።

ውሃው ይንቀሳቀሳል።

እሷ አልተንቀሳቀሰችም። ገመዱ ብቻውን ይወዛወዛል፣ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጫቀጫል፣ መሬቱ ነው የተንቀጠቀጠው፣ ትላለች ሲስተር ፍሬሲያ፣ ዝናብ ጀመረ እንደሚል ሰው፣ አንድ እጇን የገንዳው ጠርዝ ላይ፣ አንዱን የኦሪየታ ትከሻ ላይ አድርጋ፣ ትንሽ ናት፣ ትለፍ፣ ማንም አይነሳ። ሊሳንድሮ ጣሪያውን እያየ፣ ይሄ ልጅ ገና ሳይወጣ አገር አናወጠ ይላል፣ ድምፁ ግን ቀጥኗል። ኦሪየታ ትለምናለች፣ ይበርታ፣ ጌታዬ ትንሽ ይበርታ፣ ግድግዳ አይፍረስ፣ ሰው አይሙት፣ ግን ውጡ የሚያሰኝ ያህል ይሁን፣ መብራት ይጥፋ፣ ሲስተር ራሷ ተነሺ ትበላት፣ ያኔ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ትወጣለች፣ ውሸቱም ከውሃው ጋር በቱቦው ይሄዳል። ውሃው አንዴ ጠርዙን አልፎ የሊሳንድሮን እግር ያረጥባል።

ያቆማል።

አለቀች፣ ትላለች ሲስተር ፍሬሲያ፣ አላልኳችሁም? ሌላ ምጥ ተከትሎ ይመጣል፣ ይሄኛው ረጅም ነው፣ አጥንቷን የሚከፍት፣ ሲለቃት ማዳመጫው ከሆዷ በታች ይገባል። ቱክ። ቱክ። ቱክ። ሞተሩ ደክሟል። ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክቱክ፣ ቱክቱክቱክ። ተመለሰ፣ ትላለች ሲስተር፣ ዘግየት አለ ግን ተመለሰ፣ እስቲ በዚህ በኩል ዙሪልኝ። ፊቷ አይስቅም። የእንሽርቱ ውሃ ጥርት ያለ ባይሆን አሁኑኑ አስወጣሽ ነበር፣ አንድ ምጥ እንየውና እንወስናለን።

ባይሆን። ባይሆን ኖሮ። የኦሪየታን ቃል ይዛ ነው የምትወስነው፣ የሰለጠነች ሴት፣ ስንት ልጅ የተቀበለች ሴት፣ በእጇ ያለው ሚዛን የተበላሸ መሆኑን አታውቅም፣ ድንጋዩን ያጎደለችው ኦሪየታ ናት፣ በዚህ ክፍል ውስጥ የሚያውቅ ሁለት ሰው ብቻ ነው፣ እሷና ልጁ፣ ልጁ ደግሞ በሚችለው እየተናገረ ነው፣ ቀስ ብሎ፣ ቱክ፣ ቱክ።

ውሃ ውስጥ የወጣ ልጅ አይሰምጥም፣ አየር ፊቱን እስኪነካው አይተነፍስም፣ ይሄንንም ሲስተር ትምህርቱ ላይ ነግራቸው ነበር፣ አዎ፣ ደህና ነው፣ አይተነፍስም። ደግሞ ሌላ ነገር አለች። ምን አለች? አንዷ ሴት ጠየቀች፣ ሲስተር መለሰችላት፣ ኦሪየታ ያኔ የሰማች አልመሰላትም፣ ታስሮ የሚለውን ቃል ብቻ የያዘች መስሏት ነበር፣ አሁን ግን ይኸው ከነድምፁ ይመጣል፣ ያ ለደህና ልጅ ነው የኔ እህት፣ የተጨነቀ ልጅ ግን አየር አይጠብቅም፣ ያገኘውን ይስባል።

ያገኘውን ይስባል።

አረንጓዴ ነበር።

ማን ነው የተናገረው? ምን አልሽ የኔ ልጅ? አረንጓዴ ነበር ሲስተር፣ ጠዋት፣ ፎጣው ላይ፣ አጠብኩት፣ ፓዱንም ቀየርኩት። ሊሳንድሮ ማጥለያውን ያስቀምጣል፣ ወይም ይወድቅበታል፣ ድምፅ አለ። ስድብ ትጠብቃለች፣ ትከሻዋ ይኮማተራል፣ በአፍንጫ የሚወጣውን ሳቅ ትጠብቃለች። ቀጭን ነበር ወፍራም? ምን? አረንጓዴው፣ ቀጭን ነበር ወይስ ወፍራም? ቀጭን፣ ጫፉ ላይ ወፈር ያለ፣ ቡኒ። እሺ። ተነሺ። አንተ በዚያ በኩል ያዛት፣ እንዳትንሸራተት፣ ቀስ። ሲስተር ፍሬሲያ ግድግዳው ላይ ያለውን ደወል በክርኗ ትገፋለች፣ የሕፃናት ሐኪሙን ጥሩልኝ፣ ፈሳሽ መምጠጫውን አዘጋጁ፣ ብላ ወደ ኮሪደሩ ትጮኻለች፣ ድምፁ የቁጣ አይደለም፣ የሥራ ነው።

ከውሃው ስትወጣ ሰውነቷ ሁለት ሰው ያህል ይከብዳል፣ ውሃው ስንቱን ተሸክሞላት ኖሯል፣ ሊሳንድሮ ወገቧን ይዞ ይመራታል፣ አንድ ነገር በለኝ፣ ተሳደብ፣ በሩ፣ አልጋው፣ ብረቱ። ብረቱን ስታይ ትቆማለች። አልችልም። ትችያለሽ። በጀርባዬ አልተኛም፣ አታስሩኝ፣ እባካችሁ አታስሩኝ። ማን በጀርባሽ ተኚ አለሽ? በጎንሽ ውጪ፣ እንዲህ፣ ይሄን እግርሽን የኔ ትከሻ ላይ፣ ይሄ ላስቲክ የማሽኑ ነው፣ ጠበቀሽ? አላላላት ሊሳንድሮ፣ እዚያ ጋ፣ እሺ፣ አሁን ተመቸሽ?

ይሄ ነው?

በጎኗ ተኝታለች። ላስቲኩ እንደ ፒጃማ መቀነት ነው። ማንም ሰው እጇን አልያዘም። ይሄ ብቻ ነበር? ለዚህ ነው የዋሸችው፣ አንዴ ብትጠይቅ፣ ሲስተር እንዴት ነው የምታስሩት ብትል፣ አንድ ጥያቄ፣ በማሸጊያው ስለ ሳጥን፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ ዕረፍት ስትጠይቅ የምትውል ሴት፣ ይሄን አንዱን ግን ፈርታ፣ መጣ፣ መጣ ሲስተር። ግፊ። አትጠብቂ፣ አሁን ፈጠን ብለን እናውጣው፣ ግፊ የኔ ጀግና፣ እንደገና። ይቃጠላል፣ ትጮኻለች፣ ጩኺ ትላታለች ሲስተር ፍሬሲያ፣ እየጮኽሽ ግፊ፣ አንድ ነገር ይለቃል፣ ሙሉው ሰውነት እንደ ዓሣ ሸርተት ብሎ ይወጣል።

ዝም ይላል።

ልጁ ዝም ብሏል። እግሩን ታያለች፣ ልል ነው፣ የተንጠለጠለ፣ ጥፍሮቹ በቢጫና በአረንጓዴ መካከል ያለ ቀለም አላቸው፣ ታውቀዋለች፣ ከሺህ መሐል ትለየዋለች። እትብቱን ይቆርጣሉ። አንድ ወጣት ሐኪም ልጁን ጥግ ወዳለው መብራት ይወስደዋል፣ ጀርባው ይከልላታል፣ ቱቦ ሲምግ ትሰማለች። በጊዜው ተናገርኩ ሲስተር? አላውቅም የኔ ልጅ። በጊዜው ነው በይኝ። የማላውቀውን አልነግርሽም፣ ትላለች ሲስተር ፍሬሲያ፣ እጇን ግን ከትከሻዋ አታነሳም። ሊሳንድሮ በአልጋውና በጥጉ መካከል ቆሟል፣ ወደ ልጁ ሁለት እርምጃ ሄዶ ይመለሳል፣ ወደ እሷ ያያል፣ የዋና ልብሱ ይንጠባጠባል፣ ለምን እንዳይላት፣ አሁን ለምን እንዳይላት፣ በኋላ ይበላት፣ የፈለገውን ይበላት፣ ልጁ ብቻ። ጌታዬ ልጁ ብቻ። ሐኪሙ አንድ እጁን ወደ ኋላ ያነሳል፣ ቆዩ እንደማለት፣ ምን ማለት ነው ቆዩ፣ ስንት ይቆያል፣ ለምን አይጮኽም፣ ማይቴ ወዲያው ነው የጮኸችው፣ ቱቦው እንደገና ይምጋል፣ ጀርባውን ይሹታል፣ ፎጣ ነው የያዙት፣ ነጭ ፎጣ፣

ሳል።

ትንሽ፣ እርጥብ፣ የሽማግሌ ሳል። ሌላ። ከዚያ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ሸካራ የሆነ ድምፅ፣ ልቅሶ አይደለም ገና፣ ንዴት ነው፣ ከዚያ ልቅሶ። ለክትትል እንወስደዋለን፣ ይላል ሐኪሙ ሳይዞር፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ኦክስጅን ያስፈልገዋል፣ የቀረውን ነገ እናውቃለን። ሊሳንድሮ ግድግዳውን ይደገፋል። ሰማሽው ኦሪ፣ ይላል፣ ገና አሁን ነው ያናገራት፣ ሰማሽው፣ ተቆጥቷል። ትሰማዋለች። በበሩ ሲያወጡት፣ በኮሪደሩ ሲርቅ፣ እየቀጠነ ሲሄድም ትሰማዋለች፣ በሙሉ አቅሙ፣ ባለችው ትንፋሽ ሁሉ ነው የሚቆጣው፣ ይቆጣ፣ ትንፋሹ ይብቃው እንጂ ይቆጣ፣ ነገም ይቆጣት፣ ሲያድግም ይቆጣት፣ ዕድሜ ልኩን ይቆጣት።