ሚስ ሱሺላ ከዲጋ የወሰደችው አፈር

ሚስ ሱሺላ አፈር መልቀም የጀመረችው ነቀምቴ በመጣች በሁለተኛው ዓመት፣ በስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ከህንድ የመጣች የሳይንስ መምህርት ናት፤ ክፍል ውስጥ ቁጡ፣ ሥዕል ይዛ ስትቀመጥ ግን ቤቷ ቢቃጠል የማትሰማ። በዚያ ታኅሣሥ ሦስት አሜሪካኖች ጨረቃን ዞረው ተመልሰው ነበርና፣ ከዚያ ሆነው ያነሱት የመሬት ፎቶግራፍ በመጽሔት ታትሞ እጇ ገባ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ የላትም። መሬት ብቻዋን ጨለማ መካከል ተንጠልጥላ ስታያት አንጀቷን በላቻት። ደኗን ጨርሰን የምናራቁታት እኛው ነን ትላለች። ስለዚህ በትልቅ አቡጄዲ ላይ ልትስላት ቆረጠች፤ በሱቅ ቀለም ሳይሆን ከየከተማው ዳር በተለቀመ የወለጋ አፈር፣ ጨለማውን ደግሞ በድስት ጥላሸት።

አስተርጓሚዋ ተረፋ ነበር። የሂሳብ መምህር፣ የዲጋ ተወላጅ፣ ከረባቱን እሑድ ለጸሎት ብቻ ሳይሆን ቅዳሜ ለገበያም የሚያስር ሰው። ከውጭ አገር ሰው ጋር መታየት ይወዳል፤ የአፈር ከረጢት ተሸክሞ መታየት ግን አይወድም። አፈር ለመልቀም ወደ ኑኑ ቁምባ ወረዳ ሲሄዱ የሚያውቀው ስለሌለ ግድ አልሰጠውም። ዲጋ ግን አገሩ ነው።

የካቲት ላይ ዲጋ ሲደርሱ የእናቱ ወንድም ኦቦ ባቻ ማሳቸው ዳር ቆመው ጠበቋቸው። "አካም ጂርተን! ግቡ፣ ግቡ" ብለው ከዋንዛው ጥላ ሥር አስቀመጧቸውና ማር አቀረቡ። ጎረቤቱም ተሰበሰበ። ሚስ ሱሺላ እጇን እያወናጨፈች ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ጨረቃው፣ ስለ ደኑ በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረች። ስታበቃ ሰው ሁሉ ወደ ተረፋ ዞረ።

ተረፋ ምን ይበል? ያ ሁሉ ዓመት የተማረው ሰውዬ ለሥዕል አፈር ሊዝቅ መጣ ይበል? ገና ሳይስቁ ሳቃቸው ተሰማው።

"የመንግሥት ጉዳይ ነው" አለ። "አፈሩ አዲስ አበባ ሄዶ ይመረመራል።"

"ወርቅ ነው እንዴ?" አለ አንዱ ጎረቤት።

ተረፋ ፈገግ ብሎ ከረባቱን አስተካከለ። "እንግዲህ ከእኔ አፍ አልሰማችሁም።"

እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል! ወዲያው ሌላ ማር መጣለት፤ እሱም በላ። ኦቦ ባቻ ራሳቸው ዶማ ይዘው እስከ ጉልበታቸው ቆፈሩና ከሥር ያለውን ጥቁር ቡኒ አፈር አውጥተው ለሚስ ሱሺላ ሰጧት። እሷም ደስ ብሏት ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻቸው።

መጋቢት ላይ ኦቦ ባቻ ነቀምቴ ድረስ መጡ። ያን ዕለት የተረፋ ቤት በእንግዳ ተሞልቶ ነበር፤ ሚስቱ ድርቤ የጸሎት ቤቱን ሽማግሌዎች ምሳ ጠርታለች። ኦቦ ባቻ ከደጅ ቆመው አስጠሩት።

"ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ወርቅ ያለበትን መሬት መንግሥት ዝም ብሎ ይወስዳል አሉ። ነጋዴው ማዘንጊያ ደግሞ ሳይወሰድብህ ሽጥልኝ ይለኛል። አዲስ አበባ ሰው ስላለው እሱን አይነኩትም። ልሽጥለት?"

"አይሽጡ፣ ዋሽቼዎት ነው" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ነገር ግን በሩ ክፍት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ጉርሻቸውን ይዘው ጆሯቸውን ወደ ውጭ ጥለዋል።

"ኤሱማ፣ አጎቴ፣ መንግሥት የሚያደርገውን እኔ በምን አውቃለሁ?" አለ።

ኦቦ ባቻ ሐሰት ቢሆን ይነግረኝ ነበር፣ መልሱን አገኘሁ ብለው ሄዱ። በዚያው ሳምንት መሬቱን ሸጡ። ማዘንጊያ ወርቅ ፍለጋ ማሳውን ጉድጓድ በጉድጓድ አደረገው፤ ዋንዛዎቹን ከነቀፎዎቹ አስቆረጠ፤ ምንም አላገኘም። የተፈረመ ውል አይፈርስ ነገር፣ ኦቦ ባቻ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ ልጃቸው ቤት ገብተው የልጅ ልጅ ይጠብቁ ጀመር።

ተረፋ ይህን ሰማ። መንገድ ላይ ኦቦ ባቻን ከሩቅ ካየ ታጥፎ ይሄዳል። ጸሎት ቤት ጉባኤው ኃጢአቱን ሲናዘዝ እሱ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። አንዳንዴ ስኳር ገዝቶ እስከ በራቸው ይደርስና፣ ድምፃቸውን ሲሰማ ስኳሩን ለድርቤ ይዞ ይመለሳል። "ምነው የስኳር ሱስ ያዘህ?" ትለዋለች።

ሰኔ ላይ የወላጆች በዓል ደረሰ። ሥዕሉ የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ግድግዳ ሞልቶ ተሰቀለ። መሬት ቀይ፣ ቢጫና ቡኒ ሆና በጥላሸቱ ጨለማ መሀል ተንሳፍፋለች። ከብበው የሚያዩት ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ተረፋም እያየ ሳያስበው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ምክንያቱም ሥዕሉ ያምር ነበር፤ ማማሩም ይብስ አሳፈረው።

ኦቦ ባቻ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ገቡ። ሚስ ሱሺላ ገና ስታያቸው ለየቻቸው። እጃቸውን ይዛ ወደ ሥዕሉ ወሰደቻቸውና ተረፋን ጠራችው፤ መሸሻም አልነበረውም።

"ንገራቸው! ይኸ ከመካከል ያለው ጥቁር ቡኒ የእሳቸው አፈር ነው። ከሁሉም ያማረው እሱ ነው።"

ተረፋ በኦሮምኛ ነገራቸው። ኦቦ ባቻ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት።

"የአዲስ አበባው ምርመራ ይኸን ነው ያመጣው?"

"ምርመራ አልነበረም፣ ኤሱማ" አለ ተረፋ። "ከመጀመሪያውም ለዚህ ሥዕል ነበር።"

ሽማግሌው የልጁን እጅ ለቀቁ። "እንግዲያ ጠይቃት። ለምን አልነገረችኝም በላት። ለዚህ ብትለኝ በጆንያ እሰጣት ነበር።"

ተረፋ ጠየቃት።

ሚስ ሱሺላ ግራ ገባት። "ነግሬያቸዋለሁ እኮ! እዚያው ከዛፉ ሥር ሁሉንም ነገርኳቸው። አንተ አይደለህ የተረጎምክልኝ?"

"ምን አለች?" አሉ ኦቦ ባቻ።

"ነግሬያቸው ነበር ነው የምትለው። እውነቷን ነው። እኔ ነኝ ያልነገርኩዎት። ለሥዕል ነው ካልኩ ሰው ይስቅብኛል ብዬ ፈራሁ። መጋቢት ላይም እንግዶቹን ፈራሁ።"

ይቆጡኛል ብሎ ጠበቀ። ቢቆጡት በወደደ ነበር። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

"ብንስቅ ኖሮስ?" አሉ ቀስ ብለው። "እስከ ማታ እንስቅና እንረሳው ነበር።"

ሚስ ሱሺላ ከአንዱ ወደ ሌላው እያየች "ምንድን ነው? ምን አሉ?" አለች።

ተረፋ ስለ ወርቁ፣ ስለ ማዘንጊያ፣ ስለተሸጠው መሬት ከመጀመሪያው ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነገራት። ሚስ ሱሺላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኦቦ ባቻ እስኪጨርስ ጠበቁት።

"አንድ ነገር ጨምርላት" አሉ። "ይኸ ልጅ የእህቴ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት ትምህርት ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ በላት።"

ተረፋ ይህንንም ሳያሳጥር ተረጎመላት።