ያልተደፋው ፈሳሽ

አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ድሮ ከተማውን በፌርማታ ያውቁት ነበር፤ ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢያቸው ካበጠ ወዲህ ግን በሽንት ቤት ነው የሚያውቁት። ሐኪሙ ካንሰር እንዳልሆነ ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን «ካንሰር ካልሆነ ምን አባቱ ያሳድገዋል?» እያሉ ልጃቸውን መድረሻ ያሳጧታል። ተመራማሪ ልጅ ያለው ሰው ምን ያድርግ!

እሷም ላብራቶሪ ውስጥ ዓመታት ደሟን የምታፈላው በዚሁ ጥያቄ ነው። የዕጢው ሴሎች ብቻቸውን እንደማይባዙ ታምናለች። ደግፈው የያዟቸው ጎረቤት ሴሎች የዕድገት ቀስቃሽ የሚባል ፕሮቲን እየለቀቁ «እደጉ፣ ተመንደጉ» ይሏቸዋል ባይ ናት። ግን ሁለቱን በአንድ ሳህን፣ በስስ ወንፊት ለይታ ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸውም የዕጢው ሴሎች እንዳኮረፈ እንግዳ ንቅንቅ አልል አሉ። አለቃዋ እስከ ወሩ መጨረሻ ውጤት ካልታየ ጥናቱ እንደሚዘጋ ቁርጡን ነግረዋታል።

በጽዳት ቀልድ አታውቅም። ሌሎቹ ሴሎቹ የሚኖሩበትን ፈሳሽ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ሲቀይሩ፣ እሷ በየጠዋቱ ደፍታ ትኩስ ትሞላለች። ባልደረቦቿ «አጣቢዋ» የሚሏት ለዚህ ነው።

አንድ ጠዋት የአባቷ ሽንት ጭራሽ አልወርድ አለ። ላብ አጥምቋቸው ሆስፒታል አደረሰቻቸው፤ ሐኪሞቹ በቱቦ ሽንታቸውን አወጡላቸው፣ መድኃኒትም ተጀመረላቸው። እሷ ከአልጋቸው ሥር ሳትነቃነቅ ሰነበተች። ሳህኖቹ ትዝም አላሏት።

ላብራቶሪ ስትመለስ ሮዝ የነበረው ፈሳሽ ሳይቀየር ሰንብቶ ቢጫ ሆኗል። «ጉዴ ፈላ» አለች። ሳህኑን ልትደፋ ካነሳችው በኋላ፣ ለመሰናበት ያህል ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባችው። የዕጢው ሴሎች የሳህኑን ወለል ጢም አድርገው ሞልተውታል። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለካ ጎረቤቶቹ የሚልኩትን መልእክት በየጠዋቱ ከፈሳሹ ጋር እየደፋች የኖረችው ራሷ ናት!

ከዚያማ ማን ያቆማታል? ያንን አሮጌ ፈሳሽ ብቻቸውን ለሚኖሩ የዕጢ ሴሎች ሰጠች፤ ተባዙ። ቀስቃሹን ፕሮቲን አንቆ የሚይዝ መድኃኒት ስትጨምርበት ቀጥ አሉ። ደገመችው፤ ያው ሆነ። አለቃዋ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው ቆዩና ቀና ሲሉ ጥናቱን ማንም እንደማይነካው ነገሯት። ከእንግዲህ ግን ፈሳሽ ከምትደፋበት ቧንቧ አጠገብ እንዳያዩዋት አስጠነቀቋት። ደስታዋ ወሰን አጣ፤ ኮሪደሩን እየሮጠች ወጣች።

አባቷ ቱቦው ወጥቶላቸው ቤታቸው ገብተዋል። አጠገባቸው ተቀምጣ ነገሩን ሁሉ አጫወተቻቸው።

«ጎረቤቶቹ ናቸው አባባ። እደግ ተመንደግ እያሉ የሚመርቁት እነሱ ናቸው።»

«ታዲያ አፋቸውን አስይዢልኛ!»

«ሳህን ላይ አስይዣቸዋለሁ። ሰው ላይ ገና ነው።»

አባቷ ራሷን ዳበስ አደረጉ። «እነሱ ዝም ይበሉ። አንቺ ግን እደጊ፣ ተመንደጊ» አሉና ተነሡ። ሳይቸኩሉ፣ እያፏጩ፣ ወደ ሽንት ቤት ሄዱ።