መቀሱ የሚጠራው ሰው

የመታሰቢያ ትርኢቱ አዘጋጅ ክፉ ሰው አይደለችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስናደድ «ይቺ ሴትዮ መቼም ነገር ትወዳለች» እንዳትሉኝ ነው። ሻይ በገዛ እጇ ትቀዳልን ነበር። ስንናገርም አገጯን በመዳፏ ደግፋ፣ እንባ አቅርራ ነው የምትሰማን። ግን ሰው እያለቀሰም ሳይሰማ ሊቀር ይችላል፤ ይህን በእሷ አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልብስ ስፌት ፋብሪካችን የተቃጠለበት አሥረኛ ዓመት ሲቃረብ፣ የሰፈሩ የኪነ ጥበብ ማዕከል መታሰቢያ እናዘጋጅ ብሎ የተረፍነውንም የሟች ቤተሰቦችንም ሰበሰበ። ሥዕል ይኖራል፣ ዜማ ይኖራል፣ እኛው ራሳችን የምንጫወትበት ትርኢትም ይኖራል ተባልን። እኔ ከሁለቱም ወገን ነኝ። ራሴ ተርፌያለሁ፤ ታላቅ እህቴ አልተረፈችም።

በፋብሪካው ውስጥ ማንም በስሙ አይጠራም ነበር፤ በምትሰፊው ነው የምትጠሪው። እኔ እጅጌ ስለምገጥም «እጅጌ» ነበርኩ። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ «ኮሌታ» ነበረች፤ ኮሌታ የሚሰጠው እጇ ለማይንቀጠቀጥ ሰው ነው። አብራኝ የተረፈችው ጓደኛዬ ደግሞ ዛሬም ድረስ «ኪስ» ናት፤ ባሏ እንኳን እንደዚያ ብሎ ነው የሚጠራት። ኪስ ትባል እንጂ ቀዳዳ ናት፤ የሰማችው ነገር ውስጧ አያድርም።

በመጀመሪያው ስብሰባ ወሬውን የጀመረችውም እሷ ነበረች። የስፌት ክፍላችን በር ብረት ነበር። ጨርቅ ደብቀው ይወጣሉ ተብሎ ሥራ ሲጀመር ከውጭ ይቆለፍብናል። መጸዳጃ ቤት የፈለገች፣ ያመማት፣ የልጇ ወሬ የደረሳት፣ መቀሷን አንስታ የማሽኑን ብረት ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች። ትንሽ ትጠብቅና ደግማ ሦስት ጊዜ። የማሽኑን ጩኸት አልፎ የሚሰማ ሌላ ነገር አልነበረንም። በር ጠባቂው ከውጭ «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላል። ይላል እንጂ አይመጣም። ስለዚህም ስሙ ጋሽ መጣሁ ሆኖ ቀረ። የአንዷ ጉዳይ የጠና እንደሆነ ሁላችንም መቀሳችንን እናነሳና ክፍሉን እናናውጠዋለን፤ እስኪከፈት ማቆም የለም። ኪስ ይህን ሁሉ የተናገረችው እየሳቀች ነው። እኛ እንደዚህ ነን፤ የሚያንገበግበንን በሳቅ ካልሆነ አናወራውም።

አዘጋጇ ከዚያ ሁሉ ነገር የያዘችው ማንኳኳቱን ብቻ ነው። «ቆይ፣ ቆይ፣ እስቲ ድገሚልኝ» አለችና በእግሯ ወለሉን እየመታች ተከተለቻት። በሳምንቱ ስንመለስ ማንኳኳታችን ከከበሮ ጋር ተገጥሞ፣ ትከሻና ወገብ ተጨምሮበት፣ ዘፈን ሆኖ ጠበቀን። ርዕስም ወጥቶለታል፤ «የሥራችን ዜማ» ይላል። አሥራ ምናምን ሴቶች የሚያብረቀርቅ አዲስ መቀስና በእሱ የምንመታው ቁራጭ ብረት ታደልን፤ ፈገግ እንድንልም ተነገረን።

ደሜ ፈላ። ልምምዱ ሲያልቅ ጠብቄ ለብቻዋ ያዝኳት።

«እህቴ፣ ይሄ ዘፈን አይደለም» አልኳት። «ክፈቱልን ማለት ነው።»

እጄን በሁለት እጇ ያዘችና ገባኝ አለችኝ። እንዲያውም ለዚህ ነው ውብ የሚሆነው ብላ ሥቃይ ወደ ውበት ስለሚለወጥበት መንገድ ብዙ አስረዳችኝ። እኔ መንገዱን አልጠየቅኳትም። እንግዲያው በሩ ተቆልፎ እንደነበር በትርኢቱ ውስጥ ይነገር አልኳት። ያኔ እጄን ለቀቀችው። አዳራሹንም መብራቱንም የቻለልን የፋብሪካው ባለቤት እንደሆነ፣ ይህ የፈውስ መድረክ እንጂ የክስ መድረክ እንዳልሆነ፣ ምርመራው ደግሞ በጊዜው ተጠናቆ ውጤቱ እንደተነገረ ለስለስ ባለ ድምፅ ነገረችኝ።

ውጤቱን እኔም አውቀዋለሁ። በሩ አልተቆለፈም ነበር ተባለ። ልጆቹ ደንግጠው በሩ ላይ ተከመሩ፣ በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለሆነ ራሳቸው ዘጉት፣ እርስ በርስ ተረጋግጠው አለቁ ተባለ። ጋሽ መጣሁም ቀርቦ «ቆልፌው አላውቅም» ብሎ ማለ። እኛ የተረፍነው ብንናገር በድንጋጤ ላይ ነበራችሁ ተባልን። በሩን እዩት እንዳንል በሩ በሳምንቱ ተነቅሎ ለቁራሌ ተሸጧል።

እሳቱ የተነሳ ቀን እኔ ከወዲያኛው ጥግ፣ ፍርግርጉ የላላ መስኮት አጠገብ ነበርኩ። እነኪስ ፍርግርጉን ነቅለው እኔንም ገፍተው ጣሉኝ። የኮሌታ ማሽኖች የሚደረደሩት በሩ ሥር ስለሆነ እትዬ እዚያ ነበረች። እግሬ ተሰብሮ ግቢው ውስጥ ተጋድሜ ከውስጥ መቀስ ሰማሁ። ማንም እየተረጋገጠ አልነበረም። ሦስት ጊዜ፣ ትንሽ ጥበቃ፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ። እሳት ውስጥ ሆነው ተራ ጠብቀው፣ በሥርዓቱ ነበር የሚጠሩት። ከዚያ ቀነሰ። ከዚያ ቀረ። ዛሬ ይህንን ነው ከበሮ የገጠሙለት።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ትርኢቱን ትቼዋለሁ አልኳት። እማዬ በዚህ አሥር ዓመት ውስጥ የጎበጠችው በዕድሜ ብቻ አይደለም። ገበያ ስትወጣ «ልጆቹ ባይደነግጡ ኖሮ እኮ» የሚላት ሰው አይጠፋም። ልጇን በእሳት መቀማቷ ሳያንስ፣ ጥፋቱም የልጅሽ ነው ተብላ ነው የኖረችው። ፍርድ አትጠይቅም፤ ካሳ የሚባል ነገርም አፏ ላይ የለም። ብቻ አንድ ሰው፣ በሕዝብ ፊት፣ በሩ ተቆልፎ ነበር እንዲል ትፈልጋለች።

«አትተይውም» አለችኝ። «ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ቆመሽ እንድትናገሪ ነው። ሌላ መቼ ይሰበሰቡልናል?»

እውነቷን ነው። በትርኢቱ መጨረሻ ላይ ወደ ፊት ወጥቼ «ሳቃችን እስከ ዛሬ ይሰማል» እንድል ተሰጥቶኝ ነበር። ማን ሳቀ? ቦታዬ ሲደርስ ያንን ትቼ በሩ ተቆልፎ ነበር ልል ለእማዬ ቃል ገባሁላት። ምስጢሩን ከኪስ በስተቀር ለማንም አልነገርኩም። ለኪስ ነግሬ ምን ጠብቄ እንደነበር አላውቅም። በዋዜማው አዘጋጇ አንገቴን አቀፈችና ንግግሩ ስሜትሽን እንዳይጎዳው ብዬ ለአንዲት ተዋናይት ሰጥቼዋለሁ አለችኝ። ኪስ ጥግ ላይ ጫማዋን ትፈትሻለች።

«አንቺ ልጅ ግን አፍሽ ላይ ዚፕ የሚሰፋልሽ ጠፋ?» አልኳት።

ይቅርታ እየጠየቀችኝ ወሬ ጨመረችልኝ። ለካ በዝግጅቱ ላይ ጋሽ መጣሁ የክብር እንግዳ ነው፤ ባለቤቱ ለረጅም ዘመን አገልጋዬ ሽልማት ልስጥ ብሎ። አሁን አርጅቷል፣ ዘመኑ ተደባልቆበታል አለችኝ። መንገድ ላይ አግኝታው ሰላም ስትለው «ማሽንሽ ተጠገነልሽ?» ብሎ ጠየቃት። አላዘንኩለትም። ይረሳ እንጂ፣ ምን አለበት፤ እኛ የማንረሳው አለን።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ከሰዓት በኋላ ጢም ብሎ ሞላ። ግድግዳው ላይ ክር፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ያማረ ጨርቅ ተሰቅሏል። ባለቤቱ ፊት ወንበር ላይ ነጭ አበባ ደረቱ ላይ ሰክቶ ተቀምጧል። አጠገቡ ጋሽ መጣሁ አለ፤ ኮቱ ሰፍቶት፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ ማን እንደሆነ ያልነገሩት እንግዳ ይመስል። እማዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ንግግሩን እንደቀሙኝ አልነገርኳትም፤ አንገቷን አስግጋ የምትጠብቀው እሱን ነበር።

ባለቤቱ ተነስቶ ንግግር አደረገ። ያጣናቸው ልጆች አለ። ልጆች! ልክ እሱ አምጦ የወለዳቸው። የእሳትን አስከፊነት ተናገረ፤ እሳቱ ብቻውን መጥቶ ብቻውን የሄደ ይመስል። ሕዝቡ አጨበጨበለት። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የተሰጠኝን አዲስ መቀስ አስቀምጬ ከቤት ያመጣሁትን የራሴን፣ ከባዱን አወጣሁ። ቃል ቢቀሙኝ መቀስ አለኝ አልኩ። በእኛ ደንብ እስኪከፈት ማንኳኳት አይቆምም። አንድ ሰው ለምን ብሎ እስኪጠይቀኝ አላቆምም ብዬ ወሰንኩ።

«የሥራችን ዜማ» ተጀመረ። ከበሮው ተመታ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ፈገግታው ታየ። ሕዝቡ በጭብጨባ አጀበን። ከበሮው ሲቆም ሁላችንም ቀጥ እንድንል፣ ተዋናይቷም ወደ ፊት እንድትወጣ ነበር የተለማመድነው። ከበሮው ቆመ። ሴቶቹም ቆሙ። እኔ ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ጠበቅኩ። ደግሜ ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ።

መጀመሪያ ሳቅ አሉ፤ የትርኢቱ አካል መስሏቸው ነው። አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። ተዋናይቷ አፏን ከፍታ ወደ አዘጋጇ ታያለች፤ አዘጋጇ ከመጋረጃው ሥር በእጇ በቃ፣ በቃ ትለኛለች። ዓይኗን እያየሁ አንኳኳሁ። ያኔ ከጎኔ ሌላ መቀስ ሰማሁ። ኪስ ናት። ፈገግታዋ ጠፍቶ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ከኋላችን ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም። ጭብጨባው ሞተ። በአዳራሹ ውስጥ መቀስ ብቻ ቀረ።

«መጣሁ፣ መጣሁ» አለ አንድ ድምፅ።

ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት ደረቁ። እኔ ግን እጄን አላቆምኩም። ጋሽ መጣሁ ከወንበሩ ተነስቶ፣ ጉልበቱን እየደገፈ፣ ወደ ጎን በር መራመድ ጀምሯል። አሥር ዓመት የረገምኩት ሰውዬ፣ ያን ቀን ያልመጣው ሰውዬ፣ ዛሬ መጣ። እየሄደ የኮት ኪሱን ዳሰሰ። ሌላኛውን ዳሰሰ። የሱሪውንም ፈተሸ። ቆመና አሰበ። ከዚያ ዞሮ ወደ ባለቤቱ ተመለሰና መዳፉን ዘረጋለት።

«ጌታዬ፣ ቁልፉን ይስጡኝ እንጂ» አለው። «ከጠዋት ጀምሮ እርስዎ ጋ ነው። ልጆቹ እየጠሩኝ ነው።»

ባለቤቱ ግራና ቀኝ አይቶ ሊስቅ ሞከረ። ሽማግሌ ነው፣ ይዘባርቃል ዓይነት ነገር ለጎረቤቱ ተናገረ። በሹክሹክታም እጅጌውን ይዞ ተቀመጥ አለው። ጋሽ መጣሁ አልተቀመጠም። እጁን እንደዘረጋ፣ የሚያደርገው ጠፍቶት፣ ልጆቹ እየጠሩ ነው እኮ ይላል። ድምፁ የልመና ነበር። ያኔም እንዲህ ለምኖት እንደሆነ፣ በኋላም ባለቤቱ ምን ብሎ እንዳስማለው አላውቅም፤ መማሉን አልምረውም። ቁልፉ የት እንደነበር ግን ዛሬ ነው የሰማሁት። እኔ ብቻ ሳልሆን አዳራሹ በሙሉ ሰማ።

እማዬ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሳች። እማዬ ለባለቤቱ ከ«እርስዎ» ሌላ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። የልጇን አስከሬን ልትጠይቅ በሩ ላይ የቆመች ዕለት እንኳን «እባክዎ ጌታዬ» ብላ ነው። አሁን የፊቷን ወንበር ጀርባ ይዛ ቀና አለች።

«ስጠው እንጂ፣ አንተ» አለችው። «ምን ይገትርሃል? ቁልፉን ስጠው።»

ባለቤቱ ደረቱ ላይ ያለውን አበባ ነካ ነካ አደረገ። እማዬ አልተቀመጠችም፤ ሽማግሌውም እጁን አላጠፈም። እኔ አሁንም እያንኳኳሁ ነበር።