አዲስ ካቴና፣ አሮጌ ጥርስ

አጵሎስ ወንድሜ ነው፤ የአንድ እናት ልጆች ነን። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው፣ ባዳ ቢያደርገው ኖሮ እንዲህ አልቃጠልም ነበር ብዬ ነው።

ሆሳዕና ብስክሌት ጠጋኝ ሞልቷል፤ ተወዳዳሪዎች የሚያምኑት ግን እሱን ነው። እኔም ተወዳዳሪ ነኝ። የዱራሜው ውድድር ላይ አንደኛ የምትወጣዋ ሴት ለክልሉ ቡድን ትመረጣለች ከተባለ ወዲህ ሌላ ነገር አላሰብኩም። የብስክሌቴ ካቴናና ካቴናው የሚዞርበት የኋላ ጥርስ አብረው አልቀው ስለነበር አዲስ አበባ ያለው አጎታችን ሁለቱንም ገዝቶ ላከልኝ። በውድድሩ ዋዜማ አጵሎስ ገጠመልኝ።

"ሁለቱንም ቀይሬልሻለሁ፤ አሁን እንደ ልብሽ ንጂ" አለኝ።

ካቴናውን ከፊት ጥርሱ ላይ በጣቴ ሳብኩት። ያለቀ ካቴና ሲስቡት ከጥርሱ ይላቀቃል፤ ይሄ ንቅንቅ አላለም። የኋላው ጥርስ በግራሶ ተለውሷል። ጠርጌ አላየሁትም። የገዛ ወንድሜን ልፈትሽ እንዴ?

በማግስቱ ውድድሩ ሲጀመር ሜዳው ላይ ደህና ነበርኩ። ዱራሜ መግቢያ ዳገቱን ከመቀመጫዬ ተነስቼ ስረግጥ ግን ካቴናው ዘለለ። ደግሜ ረገጥኩ፣ ደግሞ ዘለለ። ትርሲት አልፋኝ ሄደች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ወርጄ ግራሶውን በሹራቤ ጠረግኩት። ጥርሶቹ ሹል ሆነው ወደ አንድ ጎን ተጋድመዋል። ያው የራሴው አሮጌ ጥርስ ነው። ወይ ጉድ!

እየገፋሁ ስደርስ ትርሲት አሸንፋለች። አጵሎስ ሲያያት አፉ የሚተሳሰርባት ልጅ እሷ ናት። ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ።

"ሰሎሜ፣ የላክሽልኝ ጥርስ ባይኖር ይሄን ዳገት አልወጣውም ነበር። አጵሎስ 'ትርፍ አላት፣ ውሰጂ ብላሻለች' ሲለኝ አላመንኩም። እግዜር ይስጥልኝ" አለች።

መልሼ አቀፍኳት። እሷ ምን አጠፋች?

አጵሎስ ከሰዉ ጀርባ ቆሞ ነበር። አሮጌ ካቴና በአዲስ ጥርስ ላይ ለአንድ ውድድር ይሄዳል፤ አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ ግን ዳገት አይወጣም። ይሄን ያስተማረኝ ራሱ ነው። ዕቃዬን ለሁለት ሲያካፍለን እያወቀ ነው ያካፈለው።

"እንደሚዘል ታውቅ ነበር" አልኩት።

"አውቅ ነበር" አለ፣ መሬት መሬት እያየ። "ካልተመረጠች ብስክሌቱን ትታ አዲስ አበባ እህቷ ጋ ልትሄድ ነበር። አንቺ ግን እህቴ ነሽ። ብትቀየሚኝም የትም አትሄጂም።"

ሊያናድደኝ ብሎ አይደለም፤ ከልቡ ነው። ያንገበገበኝም ይሄው ነው። በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ።

የክልሉ ቡድን አሰልጣኝ የትርሲትን ስም ሲጠራ ሰዉ አጨበጨበ። አጵሎስ ብስክሌቴን ወደ ሆሳዕና የሚመልሰን መኪና ላይ ሊጭንልኝ እጁን ዘረጋ።

"እንዳትነካው" አልኩት።

ራሴው ጫንኩት። ከዚያ ሁለታችንም ያው መኪና ላይ ወጣን፤ የምንገባው አንድ ቤት ነው።