ለአባቷ የቀረችላቸው ግሥ

አዋላጇ፣ አባቷ ከሆስፒታል ወጥተው እሷ ቤት ከገቡ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልሞላላትም። ዕድሜ ልካቸውን ሰዋስው ሲያስተምሩ የኖሩት ሰው ስትሮክ መታቸውና አንደበታቸው ተያዘ፤ ቀኝ እጃቸውም አልታዘዝ አለ። ከዚያ ሁሉ ቃል የተረፈቻቸው አንዲት ናት፦ «ተማጠንኩ»።

ጧት ይሏታል፤ ማታ ይሏታል። ልጅቱ የሆነ ነገር የሚለምኗት ስለመሰላት ውሃ ታቀርባለች፣ ትራስ ታስተካክላለች፣ መስኮት ከፍታ መልሳ ትዘጋለች። እሳቸው ግን ራሳቸውን በእምቢታ ይነቀንቃሉ። ታዲያ ምን ላምጣልዎት ስትላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እሷም ሆድ ይብሳትና ጓዳ ገብታ የታጠበውን ሳህን ደግማ ታጥባለች።

ሌላ ከተማ የሚኖረው ወንድሟ፣ አንቺም ሥራ አለብሽ፣ እኔም ሩቅ ነኝ፣ አባባን ደህና የአረጋውያን መኖሪያ እናስገባቸው ብሎ በስልክ መክሯታል። ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የአረጋውያን መኖሪያ? እስቲ ላስብበት ብላዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአባቷ የድሮ ባልደረባ ሊጠይቋቸው መጡ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ፤ በገዛ ሰፈራቸው መንገድ ስለሚጠፋቸው ተማሪዎቻቸው «ጋሽ ኮምፓስ» ብለዋቸው ስሙ በዚያው ጸንቶባቸዋል። ያን ዕለትም የጎረቤት በር አንኳኩተው ነው የደረሱት። አዋላጇ የቸገራትን ስታጫውታቸው ሳቃቸው ጠፋ።

«ምንም አልፈለጉም፣ ልጄ» አሏት። «ይህችን ቃል ሲያስተምሩ ከጎን ክፍል ሆኜ እሰማቸው ነበር። ለመነ ብቻ ብሎ የፈታ ተማሪ አበቃለት። በግዕዙ ተማሕፀነ ናት፤ ማሕፀንም ሕፃንም ዘመዶቿ ናቸው። ድሮ ሰው ሸሽቶ ደጅሽ ደርሶ ተማጠንኩ ካለሽ፣ ይሄን ስጪኝ ማለቱ አይደለም። ራሴን ሰጥቼሻለሁ፣ ከጉያሽ አስገቢኝ ማለቱ ነው።»

ማሕፀን የሚለውን ቃል ሥራ ቦታ በቀን ስንቴ እንደምትጠራው ቤት ይቁጠረው፤ ዘመድ ይኖረዋል ብላ ግን አስባ አታውቅም። ወዲያው ኮሪደሩ ላይ ለወንድሟ ያለችው ትዝ አላት። የአባቷ በር መቼም ገርበብ እንዳለ ነው። የተያዘው አንደበታቸው እንጂ ጆሯቸው ደህና ነው።

እንግዳውን ሸኝታ ስትመለስ ምን ልታዘዝ አላለችም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ያን የማይታዘዝ እጃቸውን ያዘች።

«አባባ፣ ከኔ ቤት የትም አይሄዱም።»

ራሳቸውን አልነቀነቁም። ትኩር ብለው አይተዋት፣ ቆይተው ዓይናቸውን ከደኑ፤ ትንፋሻቸው ረጋ እስኪል ድረስ እጃቸውን አልለቀቀችም።

ነገሩ ቀለለ ለማለት አይደለም። የሌሊት ተራዋን ለመተው አለቃዋን ስንት ጊዜ ደጅ ጠናች። ወንድሟ መጀመሪያ አኮረፈ፤ ኋላ ግን በየሁለት ሳምንቱ እየመጣ አባቱን ገላቸውን ያጥብ፣ ጢማቸውን ይላጭ ጀመር። አባትየው ቃሏን ዳግመኛ አላነሷትም። አዋላጇ ከሥራ ስትገባ በግራ እጃቸው ወንበሩን ወደ አልጋቸው ይስቡላታል፤ እሷም ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣ፣ ያን ቀን ማን እንደወለደች፣ የትኛው ሕፃን በጩኸት ክፍሉን እንዳናወጠው ታወራላቸዋለች።