ከቡሬ፣ ሁሉ ደህና ነው

የቡሬ ድምፅ ከጋን ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። የመቱው ስልከኛ ፍስሐ ማዳመጫውን በግራ ጆሮው ላይ አጥብቆ፣ ቀኝ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«ከቡሬ፣ ሁሉ ደህና ነው» አለች የቡሬዋ ስልከኛ ዲሪቤ።

ደህና አልነበረም። ይህ ድምፅ ከመነመነ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ልጅቷ ግን በየጠዋቱ ያችኑ ቃል ትደግማለች።

ሁልጊዜ ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት የመቱ፣ የሁሩሙ፣ የጎሬና የቡሬ ስልክ ቤቶች በአንድ መስመር ይገናኛሉ። አንዱ ሲናገር ሁሉም ይሰማል። ልማዱን የጀመረው ፍስሐ ራሱ ነው። የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ ከጎሬ ወደ መቱ ሲዛወር እሱም ከነማዳመጫው ቁልቁል ወረደ፤ ሽቦ ላይ የወደቀው ቅርንጫፍ ይሁን የተሰቀለው ጉሬዛ በድምፁ ይለያል ይሉታል። ጉሬዛው ትንሽ ተጋኗል። ያልተጋነነው ምላሱ ነው። ጀማሪ ለሚጠይቀው ሁሉ አንድ መልስ ብቻ ነበረው፤ «መመሪያው ላይ አለ!» ይልና እጀታውን አሽከርክሮ ይዘጋል።

ዛሬ ግን የቡሬ መስመር ደህና መሆን ነበረበት። ቡሬ ገበያ መግቢያ ላይ ሱቅ ያላት የዘህራ ልጅ ሙሐዲን ሰሜን ጦር ግንባር ቆስሎ አዲስ አበባ ሆስፒታል ሰንብቷል፤ ነገ ወደ ጦር ክፍሉ ይመለሳል። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት እደውላለሁ ብሎ ቴሌግራም ልኳል። ዘህራ ድምፁን ከሰማች ሁለት ዓመት አልፏታል። ከጠዋት ጀምራ ስልክ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። የአዲስ አበባ ድምፅ ደግሞ መቱ እስኪደርስ ራሱ ደክሞት ነው የሚደርሰው፤ በዚህ መስመር ቡሬ ድረስ የሚዘልቅበት አቅም የለውም።

በአምስት ሰዓት ገደማ የመስመር ሠራተኛው ደርበው ከቡሬ ተመልሶ፣ ጭቃውን በደጃፉ ድንጋይ ላይ እየጠረገ ገባ።

«ምሰሶውም ሽቦውም ደህና ነው ጋሼ። ቤት ውስጥስ ብላት፣ ሁሉ ደህና ነው አለችኝ። የምመለስበት መኪና ጥሩንባውን ሲነፋብኝ ሮጥኩ።»

«የመሬት ሽቦውንስ?»

«እሱንም ደህና ነው አለች።»

ፍስሐ የጠረጠረው ያንኑ ነበር። የዚያ መስመር ሽቦ አንድ ብቻ ነው፤ ድምፁ የሚመለሰው በመሬት ነው። ከየስልክ ቤቱ ጓሮ የተቀበረው የመሬት ሽቦ ከተነቀለ ድምፅ መመለሻ አጥቶ ይመነምናል። ትናንት ራሱ ጠይቋት «አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው» ብላዋለች። ታዲያ ምን ይበላት? ውሸታም ይበላት?

ጎሬ ደወለ። የጎሬዋ ተሻለች አብራው የሠራች፣ እሱንም የማትፈራ ብቸኛ ሰው ናት።

«የቡሬን ገመድ ንቀዪው፣ ለብቻችን እናውራ» አላት።

«ነቅዬዋለሁ።»

«ይቺ ልጅ አንድ ነገር ደብቃናለች።»

«አዎ ደብቃለች» አለች ተሻለች። «አትነግርዎትም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አልነግርዎትም። በመጀመሪያው ሳምንቷ የጠየቀችዎትን ረሱት? መብረቅ ሲመጣ ምን ላድርግ አለች። እርስዎም የለመዱትን መለሱላት። እኛም ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ስትጠይቅ ሰምተው ያውቃሉ?»

አልሰማም። እንዲያውም ቶሎ ጎበዘች ብሎ ደስ ብሎት ነበር።

ማዳመጫውን አስቀምጦ ሻዩን ሊያነሳ ሲል እጁ ተንጠለጠለ። ብርጭቆው የተቀመጠው መመሪያው ላይ ነው። ሽፋኑ በሻይ ክብ ክብ ተዥጎርጉሯል። ወደ ክፍለ ሀገሩ የመጣው መመሪያ አንድ ብቻ ነው፤ ያም ይኸው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ የሻይ ማስቀመጫ የሆነው። ቡሬ ያለች ልጅ ከየት አምጥታ ታንብበው? ፍስሐ ብቻውን ሆኖ ፊቱ ጋለ። አፈረ።

በስምንት ሰዓት ሁሉንም ጣቢያ ጠራ። በዚህ ሰዓት ጠርቶ ስለማያውቅ ሁሉም እየተንደረደሩ ወደ ማዳመጫቸው መጡ።

«ሰዎች» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ጥያቄ አለኝ።»



«ማን ነው የሚናገረው?» አለ የሁሩሙው አብደታ።

«እኔ ነኝ። ፍስሐ።»

«ላኪ፣ በጭራሽ! እርስዎ አይደሉም!»

«ዝም በልና ስማ። መብረቅ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?»

 ፍስሐ እጁ ላይ ላብ ተሰማው። ሃያ ዓመት መልስ ሲሰጥ ላብ አስቸግሮት አያውቅም።

«እኔ…» አለ አብደታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ከጠረጴዛው ስር እገባለሁ።»

«እኔ ማዳመጫውን አውልቄ ጎረቤት እሄዳለሁ» አለች ተሻለች።

«ለካ ክረምቱን በሙሉ ጎሬ የማይነሳው ለዚህ ነው!» አለ አብደታ።

መስመሩ በሳቅ ተናጋ። ፍስሐም ሳቀ፤ ከሳቁ መሃል ግን አንድም ትክክለኛ መልስ እንዳልሰማ ገባው። ከተሻለች ጋር ስንት ክረምት አብረው ከርመዋል፤ እሷም እንኳ አታውቅም! ሳቁ ሲበርድ ያቺ ከጋን ውስጥ የምትወጣው ድምፅ ተሰማች።

«እኔ የመሬት ሽቦውን ነቀልኩት።»

ማንም አልሳቀም። ጣቢያው ሁሉ የፍስሐን አፍ ይጠብቅ ነበር።

«ለምን ነቀልሽው?» አላት። ድምፁን ያለሰለሰው ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

«መብረቅ መሬት ውስጥ ይገባል ይላሉ። በሽቦው ተመልሶ ቤት እንዳይመጣብኝ ብዬ። ከዚያ ድምፄ ሲጠፋ እኔ እንዳጠፋሁት ገባኝ፤ ግን… ማሎ ጋሼ፣ እባክዎ አይቆጡ።»

«አልቆጣም። አስበሽ ነው ያደረግሽው፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሽቦው መብረቁን የሚያመጣብሽ ሳይሆን ከቤት አውጥቶ የሚወስድልሽ ነው። መብረቅ ሲመጣ ገመዶቹን ነቅለሽ፣ ማዳመጫውን አስቀምጠሽ፣ ከማዞሪያው ራቂ። የመሬት ሽቦው ግን ባለበት ይሁን። አሁን ጓሮ ውጪ፣ ጫፉን በቢላ ፋቂው፣ መልሰሽ እሰሪው፣ ሥሩ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ድፊበት። አብደታ፣ አንተም ስማ።»

«እየሰማሁ ነው። ከጠረጴዛው ስር ወጥቻለሁ።»

ጠበቁ። ማዳመጫው ውስጥ የሚንኳኳ ነገርና «ባልዲውን ለእኔ ስጪኝ» የምትል የዘህራ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።  ፍስሐ የግድግዳውን ሰዓት ላለማየት መስኮቱን ያያል።

«ከቡሬ! ይሰማል?»

ፍስሐ ማዳመጫውን ከጆሮው ላይ ነጠቀው። ያቺ ልጅ ለካ እንዲህ ያለ ጉሮሮ ኖሯታል።

«ይሰማል!» አሉ ሁሩሙና ጎሬ በአንድ አፍ። አብደታም አስከትሎ፣ «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ እኮ መመሪያው ላይ አለ!» አለ። ፍስሐ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ አዲስ አበባ ደወለ። ፍስሐ ገመዱን ሰክቶ ድምፁ መድረሱን ለማረጋገጥ አዳመጠ። ከቡሬ የሚመጣው መንኮሻኮሽ ብቻ ነበር።

«ገልብጠው ነው የያዙት፣ እትዬ ዘህራ» ስትል ዲሪቤን ሰማ። «ምንም አይደለም፣ እኔም መጀመሪያ ገልብጬው ነበር። ይኸኛው ለጆሮ ነው። አሁን ይናገሩ፤ መጮህ አያስፈልግም።»

«ሙሐዲን?» አለች ዘህራ እየጮኸች። «ልጄ፣ በልተሃል?»

«በልቻለሁ እማዬ!»

የሰው ወሬ ማዳመጥ ክልክል ነው። ፍስሐ የማዳመጫውን ቁልፍ ዘጋና ሁለቱን ለብቻቸው ተዋቸው። ንግግሩ አልቆ የማዞሪያው መብራት እስኪጠፋ ድረስ ዓይኑን ሳይነቅል አየው።

ሻዩ ቀዝቅዟል። ገና ሊጎነጭ ሲል ደወሉ አቃጨለ፤ ቡሬ ናት።

«ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ» አለች ዲሪቤ። «እንዲያውም ብዙ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የተጠራቀመ።»

«ሌሎቹም ይስሙ?»

ጥቂት አሰበች። «ይስሙ።»

ፍስሐ ጎሬንና ሁሩሙን ጠራ። ብርጭቆውን ከመመሪያው ላይ አነሳ፣ ሽፋኑን በእጅጌው ጠረገና ገለጠው።

«በይ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪ» አላት።